"አባ ፊልድ ነው" ብለን 5 ወር ዋሸናቸው። አሁን እንዴት እንንገራቸው?

የሁለቱ_እናት · ሰኞ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን 5 ወር ሆነን። ዱላ የለም፣ ሌላ ሴት የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተነጋገርን፣ ሽማግሌ ገባ፣ ንስሐ አባታችን መከሩን፣ አልሆነም። ሐምሌ ላይ እሱ ጀሞ ቤት ተከራይቶ ወጣ። እኔና ልጆቹ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቀረን። ፍርድ ቤት ገና አልሄድንም፣ በስምምነት ልናመለክት ነው።

ወንዱ 7 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ሴቷ 4 ዓመቷ ነው። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ድሮም ለሳምንት፣ ለአሥር ቀን ፊልድ ይወጣ ነበር። የወጣ ቀን ልጆቹ ሲጠይቁኝ "አባ ፊልድ ነው" አልኳቸው። ለእሱም ደውዬ እንደዚያ በላቸው አልኩት። ለጥቂት ቀን መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያያቸዋል፣ ማታ "ፊልድ ልሄድ ነው" ብሎ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያልን 5 ወር ሞላን።

ያስጻፈኝ ልጄ የጀመረው ነገር ነው። የአባቱ ሲሊፐር አለ፣ ሰማያዊ፣ ተረከዙ ያለቀ። ማታ ከመተኛቱ በፊት ከአልጋ ሥር ያወጣውና በሩ ጋ ያስቀምጠዋል። ጎን ለጎን፣ አፍንጫውን ወደ ሳሎኑ አዙሮ፣ ከውጭ የሚገባ ሰው እግሩን ቀጥ አድርጎ እንዲያስገባበት። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ መልሶ አልጋ ሥር ያስገባዋል። አንድ ቀን "ለምንድነው እንዲህ የምታደርገው?" አልኩት። "አባ ሌሊት ከመጣ ወለሉ ይቀዘቅዘዋል" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ትንሿ ደግሞ አልጋ ላይ መሽናት ከተወች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። አሁን በሳምንት ሦስት አራት ቀን አርጥባ ትነሣለች። ቀን ከእኔ አትላቀቅም። መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ "እማ፣ አለሽ?" ትላለች። "አለሁ" እላታለሁ። ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና "እማ፣ አለሽ?"

እናቴ "አትንገሪያቸው፣ ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል" ትላለች። እሱ እንንገራቸው ይላል፣ ግን ምን ብለን እንደምንጀምር ሁለታችንም ጠፍቶናል። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።


ያደግኩት_ሁለት_ቤት · ሰኞ ማታ 4:52

እህቴ፣ ሲሊፐሩ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

እኔ አሁን 29 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ነው ያደግኩት። 8 ዓመት ሲሆነኝ አባቴ "አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ" ተባልኩ። እውነቱን ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ? የጎረቤት ልጅ። ገመድ እየዘለልን "አባትሽ እኮ እናትሽን ፈቷታል፣ እማዬ ስታወራ ሰማኋት" አለችኝ። የገመዱን ጫፍ እንደያዝኩ ቀረሁ።

አባቴ መሄዱ አሞኝ ነበር፣ እሱን አልክድም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ አለማወቄ ግን ከዚያ ባሰብኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ስትለኝ እንኳ አላምናትም። እስከ አስፋልቱ ድረስ ተደብቄ እከተላት ነበር።

"ይረሱታል" ለሚሉ ልንገራችሁ፣ አልረሳሁም። ያኔ ያልጠየቅኩት እናቴ እንዳታለቅስብኝ ብዬ ነው። ልጅሽ "ሌላ ምንም አላለም" ብለሻል። ምናልባት ጠርጥሯል፤ አንቺ እንዳትጎጂ ብሎ ዝም ብሏል።


አባ_ቤቱ · ሰኞ ማታ 5:05

እህቴ አትቀየሚኝ፣ ግን አንድ ሰው ይህን ማለት አለበት። ዱላ ከሌለ፣ ሌላ ሰው ከሌለ ምን ቸኮላችሁ? ወላጆቻችን ስንቱን ችለው ነው ያሳደጉን። ልጁ እኮ በሲሊፐሩ እየነገራችሁ ነው፣ አባቴን መልሱልኝ እያለ። ለልጆቹ ስትሉ ታረቁ። እኔ ከልቤ ነው።


አንድ_ጣሪያ · ሰኞ ማታ 5:31

አባ_ቤቱ፣ ወንድሜ፣ ከልብህ እንደሆነ ይታያል። የእኔንም ስማኝ።

የእኔ ወላጆች አልተፋቱም። ለእኛ ሲሉ አብረው ኖሩ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር። አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው እናቴ "ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው" ትለኛለች። አባቴ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል፣ ይሰማል። ቢሆንም እኔ ዞሬ "አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል" እላለሁ። "በልቻለሁ በላት" ይላል። ዞሬ "በልቷል" እላለሁ። በየቀኑ፣ ስምንት ዓመት።

አሁን 35 ዓመቴ ነው። ከሚስቴ ጋር ትንሽ ስንጋጭ ሆዴ ይታሰራል፣ ቃል አይወጣኝም። ሰው ተናዶ በቀጥታ "ተናድጃለሁ" ብሎ ሲናገር ልጅ ሆኜ አይቼ አላውቅም።

መታረቅ ከቻሉ ይታረቁ፣ ማን ይጠላል? በኩርፊያ አንድ ቤት መታጎር ግን ለልጅ መስዋዕትነት አይደለም።


የሁለተኛ_ክፍል_ቲቸር · ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ክፍል ሳልገባ ቶሎ ልጻፍ። 11 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አብዛኛውን ሁለተኛ ክፍል።

እህቴ፣ ለስም ጠሪው መምህር ንገሪ። ዝርዝር አያስፈልግም፣ "አሁን የምንኖረው ሁለት ቤት ነው" ካልሽ ይበቃል። ካልነገርሽን እኛ ልጁ ሰነፈ፣ ደብተር መርሳት ጀመረ ብለን እንቆጣዋለን። የሚደባደብ ልጅ ቶሎ ይታየናል። የማይታየን ያ በአንድ ወር ውስጥ ድንገት ጨዋ የሆነው ነው። ሰሌዳ ላጥፋልዎት፣ ወንበር ላስተካክልልዎት ይላል። እኛ እናመሰግነዋለን። ልጁ ግን "ጎበዝ ከሆንኩ ቤታችን ይስተካከላል" ብሎ እየለፋ ሊሆን ይችላል።

አምና አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው "ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ነው?" የሚለኝ። ሒሳብ መሥራት አቃተው። በኋላ ለብቻው ሳናግረው ዛሬ ማን እንደሚወስደው አያውቅም። አንዳንድ ቀን እናቱ፣ አንዳንድ ቀን አባቱ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቱም "አንቺ ነሽ"፣ "አንተ ነህ" ሲባባሉ ዘበኛው ጋ ይቀመጣል። ወላጆቹን ለየብቻ ጠርቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። በትንሽ ወረቀት ከሰኞ እስከ ዓርብ ማን እንደሚወስደው ጽፈው ምሳ ዕቃው ክዳን ውስጥ እንዲለጥፉ። ሰዓት መጠየቁን በሁለተኛው ሳምንት ተወ። ምሳ ሲበላ ወረቀቱን ያያትና ይከድነዋል።


የልጅ_ልጆች_አያት · ማክሰኞ ቀን 6:40

ልጄ፣ እናትሽን አውቃታለሁ። ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ ግን እኔ ነኝ። እኔም ልጄ ስትፈታ "አትንገሪያቸው" ብያለሁ። ከዚያ የባሰም አድርጌያለሁ።

ልጄን ስላስለቀሳት አማቼን ጠላሁት። ስሙን አልጠራም ነበር፣ "ያ ከንቱ" ነበር የምለው። ቡና ላይ ለጎረቤት ሳወራ ልጆቹ ከጎናችን ይጫወታሉ። የሚሰሙ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን የልጅ ልጄን ጸጉሯን እየሠራሁላት "እማማ፣ እኔ አባቴን እመስላለሁ አይደል?" አለችኝ። "ቁርጥ አባትሽን" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "እኔም ከንቱ ነኝ እንዴ?" አለችኝ። 6 ዓመቷ ነበር። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአባቷ ላይ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይቅር ብዬው አይደለም፣ ብዙ ቆይቼ ነው ይቅር ያልኩት። ግን ልጅ ግማሿ እናቷ፣ ግማሿ አባቷ ነው፤ አንዱን ስሰድብ እሷን እየቆረስኩ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ እሷ ራሷ ናት፣ አሁን 19 ዓመቷ ነው። ጻፊው ብላኛለች።


የሁለቱ_እናት · ማክሰኞ ማታ 3:15

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ኩሽና ገባች። ቆይታ ተመለሰችና "የሴትየዋን እንደገና አንብቢልኝ" አለችኝ።

አባ_ቤቱ፣ አልተቀየምኩም። ሁለት ዓመት ሞክረናል ወንድሜ።


የልጆች_አማካሪ · ማክሰኞ ማታ 4:02

ሥራዬ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ነው። ልጆቹን ሳላይ ፍርድ አልሰጥም፣ በአጠቃላይ የሚታወቀውን ልበል።

መጀመሪያ ትንሿን ሐኪም ዘንድ ውሰጂያት። ትታው የነበረች ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ስትጀምር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የሽንት ምርመራ ይቅደም። ከዚያ ነፃ ከሆነች ጭንቀት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። በዚህ ዕድሜ ልጆች ሲጨነቁ ትተውት ወደነበረው ነገር ይመለሳሉ፤ ጡጦ መጠየቅ፣ እንደ ሕፃን መናገር፣ አልጋ ማርጠብ። አትቆጫት፣ በሰው ፊትም አታውሪው። አንሶላውን ዝም ብለሽ ቀይሪላት።

"እማ፣ አለሽ?" ያለችው ደግሞ ግልጽ ጥያቄ ነው። ከሁለቱ አንዱ አንድ ቀን ተነሥቶ ከሄደ ሁለተኛዋስ? ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ ተደብቀሽ አትውጪ፣ ብታለቅስም። "ሱቅ ልሄድ ነው፣ ዳቦ ገዝቼ እመጣለሁ" በያትና ዳቦውን ይዘሽ ተመለሺ። ነገሩ የሚድነው ስትሄጂና ስትመለሺ ደጋግማ ስታይ ነው።

የ4 ዓመት ልጅ ዓለም በእሷ ዙሪያ የሚዞር ይመስላታል። "ወተት ስላፈሰስኩ አባ ሄደ" ብላ ልታስብ ትችላለች፣ ሳትናገረው። "በእናንተ ምክንያት አይደለም" የሚለውን አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደጋግማችሁ በሉላቸው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ያሉት ጥፋቱ የእኔ ነው ከማለት ይልቅ ማዘንና ተስፋ ማድረግ ይበዛባቸዋል፤ ይታረቃሉ፣ ይመለሳል ብለው። ሲሊፐሩ ይኼ ነው። እባክሽ አትደብቂው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ተው" አትበይው። ራሱ ሲጨርስ ይተወዋል። ከዘጠኝ አሥር ዓመት በላይ ያሉት ይቆጣሉ፣ ወገን ይይዛሉ፤ ያ ገና ወደፊት ነው።

ብዙ ወላጅ "ልጆቼን አበላሸኋቸው?" ይለኛል። ማቪስ ሄዘሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ 1,400 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው ነበር፣ አንዳንዶቹን እስከ ሦስት ዐሥርት። በረጅም ጊዜ ከባድ የስሜት ወይም የባሕርይ ችግር የታየባቸው ወላጆቻቸው ከተፋቱት ልጆች 25 በመቶ ያህሉ፣ ካልተፋቱት ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፣ ላሳንሰው አልፈልግም። ግን ከአራቱ ሦስቱ ደህና ሆነው አድገዋል። የመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት ለሁሉም ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ጠቡ መቀጠሉ፣ ከወላጆቹ አንዱ መጥፋቱ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ኑሮም በአንድ ጊዜ መለዋወጡ ነው። እናንተ ጠብ የላችሁም፣ አባት አልጠፋም፣ ቤቱም ትምህርት ቤቱም እንደነበረ ነው። ትልቅ ነገር በእጃችሁ አለ።

ስትነግሯቸው ሁለታችሁም ኑሩ። አጭር ይሁን። "እማና አባ ከእንግዲህ የምንኖረው ሁለት ቤት ነው። አንዱ እዚህ ነው፣ አንዱ ጀሞ ነው። ሁለታችንም እማና አባታችሁ ነን። ቅዳሜ እንዲህ፣ ረቡዕ እንዲህ።" ማን እንዳጠፋ አትናገሩ። "ፍቅራችን አለቀ"ም አትበሉ። ፍቅር የሚያልቅ ነገር ከሆነ ልጁ "የእኔስ መቼ ያልቃል?" ይላል።

አንድ ልዩ ነገር አላችሁ፣ ፊልድ የሚለው ቃል። አባትየው ወደፊትም በእውነት ፊልድ ይወጣል። ካላጸዳችሁት ልጁ ከእንግዲህ "ፊልድ" ሲባል ሁሌ ውሸት ነው የሚመስለው። "ፊልድ ነው ያልናችሁ እውነት አልነበረም፣ እንዴት እንደምንነግራችሁ ስላላወቅን ነው፣ ይቅርታ" በሏቸው። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ክብር አይቀንስም።


የእሁድ_አባት · ማክሰኞ ማታ 5:18

ለአባትየው አሳዪልኝ። እኔ ልጄን የማያት እሁድ እሁድ ነው፣ ሐዋሳ። ሦስት ዓመት ሆነን።

የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ አበላሸሁት። ሐይቁ ዳር ጀልባ፣ ፒዛ፣ አሻንጉሊት፣ አይስክሬም። አንድ እሁድ "አባ፣ ዛሬ ዝም ብለን ቤት እንሁን?" አለችኝ። ገባን። ድንች ላጥን፣ ልብስ አጠፍን። ማታ ላደርሳት ስንነሣ ቦርሳዋን ስከፍት የጥርስ ብሩሿን አየሁት፣ በላስቲክ ጠቅልላ። ሁልጊዜ ይዛው ትመጣ ነበር ለካ። እንደ እንግዳ። በሚቀጥለው ቀን ብሩሽ ገዝቼ ከእኔ ጎን ብርጭቆው ውስጥ አስቀመጥኩ። ፒጃማ፣ የቤት ጫማ፣ አንድ መሳቢያ ሰጠኋት። ወንድሜ፣ ጀሞ ያለው ቤትህ ውስጥ ከአልጋ በፊት የጥርስ ብሩሽ ይኑራቸው።

ደግሞ አትዘግይ። አንዴ 40 ደቂቃ ዘገየሁ። እናቷ ኋላ እንደነገረችኝ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ሳትደገፍ ተቀምጣ ጠብቃኛለች። ውኃ እንኳ አልጠጣችም፣ "አባ ሲመጣ ሽንት ቤት እንዳልሆን" ብላ።

ቀለብም በልጅ እጅ አይላክ። እኔ ደመወዝ በገባ ቀን በባንክ አስገባለሁ። በፊት ፖስታ አድርጌ ቦርሳዋ ውስጥ እከትላት ነበር፣ እናቷ ደግሞ "አልሞላም በይው" ብላ ትልካታለች። ልጅቷ የሁለታችንም ፖስተኛ ሆና ነበር። ይህን ያስቀረችው እናቷ ናት፣ "ከእንግዲህ በቀጥታ ለእኔ ጻፍልኝ" ብላ። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።


የቤተሰብ_ጠበቃ · ረቡዕ ቀን 7:30

በስምምነት ልታመለክቱ ስለሆነ በጥቂቱ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። ፍርድ ቤቱ ረጋ ብላችሁ እንድታስቡ እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ስምምነታችሁ የልጆቹን ጥቅም በበቂ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው ያስተካክለዋል። ስለዚህ "ልጆቹ ከእናት ጋር ይሁኑ" ብላችሁ በአንድ መስመር አትለፉት። የትኛው ቀን፣ በዓል የት፣ የክረምት ዕረፍት እንዴት፣ ትምህርት ቤት ማን ይከፍላል፣ ሲታመሙ ማን ይወስዳል፣ ሁሉን ጻፉ።

"ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የግድ ለእናት ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። ያ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የነበረ ነው። አሁን በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። የመጠያየቅ መብትም እዚያው ይወሰናል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ በማንኛውም ውሳኔ የልጁ ደኅንነት እንደሚቀድም ይላል። ብዙ ወላጅ "ልጄን የማየት መብቴ" እያለ ይመጣል። ልጁም ወላጁን የማየት መብት አለው፣ ይህ ነው የሚረሳው። ቀለብ ዘገየ ተብሎ ልጅ አይከለከልም። ልጅ ተከለከልኩ ተብሎም ቀለብ አይቆምም።

አቅም ለሌላቸው ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ይህን ውይይት ለሚያነቡ ሌሎች እህቶች ነው ያነሣሁት።


ከቨርጂኒያ · ረቡዕ ማታ 6:10

እዚህ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። በልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚከራከሩ ወላጆች ቢያንስ የ4 ሰዓት ትምህርት እንዲወስዱ ያስገድዳሉ። ተናድጄ ነው የገባሁት፣ ልጅ ማሳደግ ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ። ስወጣ አለቀስኩ።

ያስለቀሰኝ ነገር እንዲህ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር። ከፍርድ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነብልኝ የ12 ዓመት ልጄ ነበር። የአባቱን ክስ፣ አባቱ ስለ እኔ የጻፈውን ሁሉ፣ እሱ ነው በአማርኛ የሚተረጉምልኝ። አንዳንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆም ይልና "እዚህ ጋ ምንም የለም" ይለኛል። እያለፈልኝ ነበር። ስደት ላይ ያላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ጓደኛ ጥሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰው ፈልጉ። ልጃችሁን አታስነብቡት።

ዘመድ ሁሉ እየመጣ "አሁን የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" ይለው ነበር፣ እንደ ማበረታቻ። እሱም አመነ። ሌሊት ተነሥቶ የበሩን ቁልፍ ይፈትሽ ጀመር። ኳስ ተወ። የሁለቱ እናት፣ 7 ዓመቱም ቢሆን ይህን ቃል ሰው ሲለው ከሰማሽ እዚያው "አይ፣ እሱ ልጅ ነው" በይ።


ከዱባይ · ረቡዕ ማታ 7:44

እኔ ልጄን ጎጃም እናቴ ጋ ትቼ ነው የመጣሁት። መፋታታችንን በቪዲዮ ነው የነገርኳት፣ 9 ዓመቷ ነበር። ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዙራ አለቀሰች። "ዝጊው" አላለችኝም፣ እኔም አልዘጋሁትም። ሃያ ደቂቃ ጣሪያ አየሁ። ሩቅ ላላችሁ፣ ስልኩን አትዝጉ።


የሁለቱ_እናት · እሁድ ማታ 3:50

ነገርናቸው።

ዓርብ ማታ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ሁለት ጊዜ ተለማመድነው። ቅዳሜ ቁርስ ከበላን በኋላ አራታችንም ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። እኔ ጀመርኩ፣ ድምፄ ተቆረጠ፣ እሱ ቀጠለ። "ፊልድ ነኝ ያልኳችሁ እውነት አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" ሲል ልጄ አንገቱን አቀርቅሮ "አውቄ ነበር" አለ። "እንዴት?" አልነው። "ፊልድ ሲሄድ ጫማው ጭቃ ይኖረዋል" አለ። 5 ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቱን ጫማ ሲያይ ነበር።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። ጀሞ ስንት ታክሲ ነው? "ሦስት።" ቲቪ አለው? ገና አልገዛም። ለገና የት ነን? ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት እዚያ። ትንሿ አሻንጉሊቷ የት እንደምትተኛ ጠየቀች። አባቷ "እሷም ሁለት አልጋ አላት" አላት፣ በቃት። ትልቁ "በእውነት ፊልድ ስትሄድ ግን በምን አውቃለሁ?" አለ። አባቱ ትንሽ አሰበና "የምሠራበትን መንገድ ፎቶ በየማታው እልክልሃለሁ" አለው።

ኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆየ። የቧንቧ ውኃ ይሰማኛል። ላንኳኳ ብዬ ተውኩት። ፊቱን ታጥቦ ወጣ፣ ዓይኑ ቀልቷል። አባቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ አንድም ቃል አላወጡም፣ ካርቱን አዩ።

ትናንት ማታ ሲሊፐሩን በሩ ጋ አላስቀመጠውም። እኔ ደስ ልበል ልዘን አላወቅኩም። ዛሬ ማታ መልሶ አወጣው። አልነካሁትም።

ትንሿ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፣ ኢንፌክሽን የለባትም። አሁንም ታረጥባለች። አንሶላ እንቀይራለን።

እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ነበር። ባለቤቴ ገና አልሄደም፣ ሰላም ሳትለው ትቀር ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። በልጆቹ ፊት ሦስቴ ስማው "ቡና ጠጥተህ ሂድ" አለችው።


አባ_ቤቱ · እሁድ ማታ 4:20

እህቴ፣ እኔ ያልኩት አልሆነም፣ ግን ይህን ሳነብ ሁለታችሁንም አከበርኳችሁ። "ጫማው ጭቃ ይኖረዋል" የሚለው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጆቻችሁን እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ።


የሁለተኛ_ክፍል_ቲቸር · እሁድ ማታ 4:35

ነገ ማን ነው የሚወስደው?


የሁለቱ_እናት · እሁድ ማታ 4:41

ነገና ማክሰኞ እኔ፣ ረቡዕ አባቱ፣ ሐሙስና ዓርብ እኔ። ወረቀቱን ራሱ ካልጻፍኩ አለ። "ረቡእ" ብሎ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ "ረቡዕ" አለው። ምሳ ዕቃው ክዳን ውስጥ ለጥፈነዋል።